ባክቴሪያን በሕይወት ለይቶ መያዝ

ከምንባቡ በፊት

አንድ ሥራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዴት እንደሚከናወን ደረጃ በደረጃ የሚያስረዳ ጽሑፍ ሂደትን ገላጭ ድርሰት ይባላል። ቀጥሎ የቀረበው ምንባብ የዚህ ዓይነት ድርሰት ነው። ስታነቡት ሁለት ነገሮችን ልብ በሉ፤ አንደኛ፣ የትኛው ተግባር ከየትኛው እንደሚቀድም፤ ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ተግባር ለምን እንደሚፈጸም።

ምንባብ

አበው «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። ምሳሌያዊ አነጋገሩ የሚወቅሰው ሕመሙን ለሐኪም የማይናገረውን ሰው ነው። ይሁን እንጂ ሕመምተኛው የሚሰማውን ሁሉ ሳይደብቅ ቢናገርም እንኳ በሽታው ራሱ ማንነቱን የሚሸሽግበት ጊዜ አለ። ወባ፣ ታይፎይድ፣ ማጅራት ገትር፣ ብሩሴሎሲስና የደም መመረዝ ሁሉም በትኩሳትና በራስ ምታት ሊጀምሩ ይችላሉ። መድኃኒታቸው ግን የተለያየ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ትክክለኛውን መድኃኒት ለማዘዝ የበሽታውን መንስኤ ለይቶ ማወቅ ይኖርበታል። መንስኤው ባክቴሪያ በሚሆንበት ጊዜ ደግሞ ጠንካራው ማስረጃ ባክቴሪያውን ከሕመምተኛው ደም፣ ሽንት፣ አክታ ወይም ዓይነ ምድር ውስጥ በሕይወት ለይቶ መያዝ ነው። ይህ ሥራ እንዴት ይከናወናል? ጊዜ የሚፈጀውስ ለምንድን ነው? ጊዜውን ለማሳጠርስ ምን ይደረጋል? ምንባቡ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ይሰጣል።

ሦስት የጥበቃ ጊዜያት

ጅግጅጋ ከአዲስ አበባ በስተ ምሥራቅ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ ከካራማራ ተራራ ማዶ በተዘረጋው ሜዳ ላይ የምትገኝ የሶማሌ ክልል ዋና ከተማ ናት። በከተማዋ የካራማራ ሆስፒታልና በጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የሼክ ሐሰን ያባሬ ሆስፒታል ይገኛሉ። ከቀብሪ በያህ፣ ከአውበሬ፣ ከቶጎ ውጫሌና ከሌሎችም የአካባቢው ከተሞች ሕመም የጠናባቸው ሰዎች ወደ ጅግጅጋ ይመጣሉ። ከከተሞቹ ውጭ የሚኖረው አርብቶ አደር ግን ግጦሽና ውሃ ተከትሎ ስለሚንቀሳቀስ፣ ለእርሱ የአንድ ቀን ቀጠሮ እንኳ ቀላል ነገር አይደለም። ግመሎቹንና ፍየሎቹን ለዘመድ አደራ ሰጥቶ የመጣ ሰው «ውጤቱ የሚደርሰው ከሦስት ቀን በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ይመለሱ» ቢባል ላይመለስ ይችላል። ቢመለስም ሕመሙ ቀድሞት ሊሆን ይችላል።

ከሕመሙ መጀመሪያ አንሥቶ ትክክለኛው መድኃኒት እስኪሰጥ ድረስ ያለው ጊዜ በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው ሕመምተኛው ወደ ጤና ተቋም እስኪመጣ የሚያልፈው ጊዜ ነው። ሁለተኛው ናሙናው ከሕመምተኛው ተወስዶ ላቦራቶሪ እስኪደርስ ያለው ጊዜ ነው። ሦስተኛው ባክቴሪያው በላቦራቶሪ ውስጥ እስኪባዛና ማንነቱ እስኪታወቅ የሚጠበቀው ጊዜ ነው።

ስለ መጀመሪያው ጥበቃ አንድ ጥናት ብዙ ያስተምረናል። እ.ኤ.አ. በ2007 በሶማሌ ክልል በ226 አርብቶ አደር የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ላይ ጥናት ተካሂዶ ነበር። በውጤቱም ሕሙማኑ በሽታው ከጀመራቸው ቀን አንሥቶ ወደ ጤና ተቋም እስኪመጡ ያለፈው መካከለኛ ጊዜ 60 ቀን መሆኑ ታወቀ። ይኸውም ግማሾቹ ከ60 ቀን በፊት፣ ግማሾቹ ደግሞ ከዚያ በኋላ ነበር የመጡት ማለት ነው። ከመጡ በኋላ ግን በሽታው እስኪታወቅ በጤና ተቋሙ በኩል ያለፈው መካከለኛ ጊዜ 6 ቀን ብቻ ነበር። እንግዲህ የላቦራቶሪው መሣሪያ የቱንም ያህል ቢፈጥን፣ የመጀመሪያው ጥበቃ ካላጠረ ጥቅሙ ሙሉ እንደማይሆን ከዚህ እንረዳለን።

በብዙዎች መካከል ጥቂቶችን መፈለግ

ሦስተኛው ጥበቃ የሚረዝመው ለምንድን ነው? ምክንያቱን ለመረዳት የደምን ጠባይ እንመልከት። በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ 5 ቢሊዮን ያህል ቀይ የደም ሕዋሳት ይገኛሉ። ደሙ በባክቴሪያ በተመረዘ ሰው፣ በዚያው መጠን ደም ውስጥ የሚገኙት ባክቴሪያዎች ግን ብዙውን ጊዜ ከአሥር አይበልጡም። ስለሆነም የሕመምተኛውን ደም በቀጥታ በማይክሮስኮፕ ሥር አድርጎ ባክቴሪያውን መፈለግ ድካሙ ብዙ፣ ውጤቱ ግን ጥቂት ነው።

በዚህ የተነሣ ሳይንቲስቶች ሌላ መንገድ መረጡ። ባክቴሪያውን ከመፈለግ ይልቅ፣ ተስማሚ ምግብና ሙቀት ሰጥተው ራሱ ተባዝቶ እንዲታይ አደረጉት። ኢ. ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ በተመቸው ቦታ በየ20 ደቂቃው አንዱ ሁለት ይሆናል። አንድ ባክቴሪያ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ፣ በአሥር ሰዓት ውስጥ ደግሞ ሠላሳ ጊዜ ይከፈላል። ቁጥሩን በሒሳብ ደብተራችሁ ላይ ሠላሳ ጊዜ በሁለት ብታባዙት ከአንድ ቢሊዮን በላይ ሆኖ ታገኙታላችሁ። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ግን አንድ ጊዜ ለመከፈል 20 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ለሠላሳ ክፍፍል 600 ሰዓት፣ ማለትም 25 ቀን ያስፈልገዋል። የአክታ ናሙና በጠጣር ምግብ ላይ ተዘርቶ ውጤቱ ከሦስት እስከ ስምንት ሳምንት የሚጠበቀውም ስለዚህ ነው።

ከወጥ ቤት የመጣ መፍትሔ

ባክቴሪያዎች በሾርባ ውስጥ ሲባዙ የተለያዩት ዓይነቶች እርስ በርሳቸው ይደባለቃሉ፤ አንዱን ከሌላው መለየትም ያስቸግራል። ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮክ ይህን ችግር ለማቃለል በጠጣር ነገር ላይ ማሳደግን ሞከረ። መጀመሪያ የተቀቀለ የድንች ቁራጭ፣ በኋላም ጄላቲን ተጠቀመ። ጄላቲን ግን ለብዙዎቹ ባክቴሪያዎች በሚስማማው በ37 ዲግሪ ሙቀት ይቀልጣል። መፍትሔውን እ.ኤ.አ. በ1881 ያመለከተችው ፋኒ ሄሰ ነበረች። ባሏ በኮክ ላቦራቶሪ ውስጥ ይሠራ ነበር። እርስዋ በወጥ ቤቷ ጣፋጭ ምግብ ለማርጋት ከባሕር አረም የሚገኘውን አጋር የተባለውን ነገር ትጠቀም ስለነበር፣ በላቦራቶሪም እንዲሞከር አሳሰበች። አጋር በ37 ዲግሪ ሙቀት ሳይቀልጥ ጠጣር እንደሆነ ይቆያል። ኮክ የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ማግኘቱን እ.ኤ.አ. መጋቢት 24 ቀን 1882 በበርሊን አስታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1887 ደግሞ ዩሊየስ ሪቻርድ ፔትሪ ክዳን ያለውን ዝርግ የመስተዋት ሳሕን አስተዋወቀ። አጋርና የፔትሪ ሳሕን ዛሬም በየላቦራቶሪው ያገለግላሉ።

የሥራው ቅደም ተከተል

የደም ናሙና የሚመረመረው በሚከተለው ሁኔታ ነው። በመጀመሪያ መርፌው የሚገባበት የሕመምተኛው ቆዳ በአልኮልና በሌላ ፀረ ተሕዋስያን ፈሳሽ በሚገባ ይጸዳል። ይህ ካልተደረገ በቆዳ ላይ የሚኖሩ ጉዳት የሌላቸው ባክቴሪያዎች ከደሙ ጋር ገብተው ሐኪሙን ያሳስታሉ። ቀጥሎም ደሙ ተቀድቶ የባክቴሪያ ምግብ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይጨመራል። ጠርሙሱ 35 ዲግሪ ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለ ሙቀት ባለው ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ በየጊዜውም ይታያል።

በጠርሙሱ ውስጥ ባክቴሪያ መብቀሉ ሲታወቅ፣ ጠብታ ተወስዶ በመስተዋት ላይ ይቀባና ቀለም ይነከራል። የዴንማርክ ተወላጁ ሐንስ ክርስቲያን ግራም እ.ኤ.አ. በ1884 ይፋ ባደረገው በዚህ ዘዴ፣ አንዳንዶቹ ባክቴሪያዎች ሐምራዊ፣ ሌሎቹ ደግሞ ቀላ ያለ ቀለም ይዘው ይታያሉ። ይህ የመጀመሪያው ፍንጭ ነው። ከዚያ በኋላ ሌላ ጠብታ ጫፉ እንደ ቀለበት በተጠቀለለ ሽቦ ይወሰድና በአጋሩ ላይ በመስመር በመስመር ይዘራል። መስመሩ እየቀጠለ በሄደ ቁጥር በሽቦው ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች እየቀነሱ ይሄዳሉ፤ በመጨረሻም አንዳንዶቹ ለየብቻቸው ይወድቃሉ። ለብቻው የወደቀው አንድ ባክቴሪያ በማግስቱ በዓይን የሚታይ ክብ ነጥብ ይሆናል። በዚያ ነጥብ ውስጥ ያሉት ሁሉ የአንድ ባክቴሪያ ልጆች በመሆናቸው ከሌላ ዘር አልተቀላቀሉም። ባክቴሪያው ተለየ የሚባለው በዚህ ጊዜ ነው።

የመጨረሻው ደረጃ የመድኃኒት ፈተና ነው። የተለየው ባክቴሪያ በሌላ ሳሕን ላይ በሙሉ ይቀባና የተለያየ መድኃኒት የተነከሩ ትናንሽ ክብ ወረቀቶች ይደረጉበታል። በማግስቱ በአንዳንዶቹ ወረቀቶች ዙሪያ ምንም ያልበቀለበት ሰፊ ክብ ይታያል፤ መድኃኒቱ ባክቴሪያውን አሸንፎታል ማለት ነው። ባክቴሪያው እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ድረስ ከበቀለ ግን መድኃኒቱ አይበግረውም። የካራማራ ሆስፒታል ላይ የተደረገ አንድ ጥናት ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመው በዚህ ጥናት ከነፍሰ ጡር እናቶች ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ ተለይቶ፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራበትና እንደማይሠራበት ተመርምሯል።

ይህ ሁሉ ደረጃ ሲደመር ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ አምስት ቀን ይፈጃል። ደሙ የተመረዘ ሰው ግን በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ ናሙናውን ካስወሰደ በኋላ ውጤቱን ሳይጠብቅ በግምት ጠንከር ያለ መድኃኒት ለመጀመር ይገደዳል። ግምቱ ከሳተ ሕመምተኛው ይጎዳል። ግምቱ ባይስትም፣ ጠንካራ መድኃኒቶች ያለ ልክ በተሰጡ ቁጥር መድኃኒት የማይበግራቸው ባክቴሪያዎች እየበዙ ይሄዳሉ።

እያንዳንዱን በጠባዩ

ሁሉም ባክቴሪያ በአንድ ዓይነት አሠራር አይያዝም። የኮሌራ ባክቴሪያ ሌሎቹን የሚጎዳውን አልካሊ ስለሚችል፣ ዓይነ ምድሩ አልካሊ ባለው ፈሳሽ ውስጥ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ሲቆይ እርሱ ሌሎቹን ቀድሞ ይባዛል። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ደግሞ ሰም መሰል ልባስ አለው። አክታው በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ለጥቂት ደቂቃ ሲታሽ ሌሎቹ ባክቴሪያዎች ሲሞቱ እርሱ ይተርፋል። ከነጭራሹ በሳሕን ላይ አልበቅልም ያለም አለ። ከሐረር ወደ ጅግጅጋ በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ የሚገኘው የቢሲዲሞ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ የተቋቋመው ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ነበር። የዚህን በሽታ ባክቴሪያ ኖርዌያዊው አርማወር ሐንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 ቢያገኘውም፣ እስከ ዛሬ ድረስ በላቦራቶሪ ምግብ ላይ ሊያሳድገው የቻለ ሰው የለም።

በሕይወት መሆኑ ለምን አስፈለገ?

ዛሬ የባክቴሪያን የዘር ምልክት በማንበብ መንስኤውን የሚናገሩ መሣሪያዎች አሉ። በአገራችንም ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ የሚያገለግለው ጂን ኤክስፐርት ከእነዚህ አንዱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 የተቀበለው ይህ መሣሪያ ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ባክቴሪያው መኖሩንና ሪፋምፒሲን የተባለውን መድኃኒት መቋቋሙን ያሳያል። ታዲያ ባክቴሪያውን በሕይወት መያዝ ለምን አስፈለገ? ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የዘር ምልክት ባክቴሪያው ከሞተም በኋላ ስለሚቆይ፣ ታክሞ በዳነ ሰው አክታ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ሁለተኛ፣ መሣሪያው የሚያውቀው እንዲያውቅ የተሠራበትን ምልክት ብቻ ነው። አንድ መድኃኒት አንድን ባክቴሪያ ይገድለው እንደሆነ በቀጥታ ማየት የሚቻለው ባክቴሪያው በሕይወት ካለ ብቻ ነው፤ የሞተ ነገር ሁለተኛ አይሞትምና።

አዲሱ ጥረት

የዘመናችን ተመራማሪዎች የሚደክሙት ሁለቱን ጥቅሞች፣ ማለትም ፍጥነትንና ሕያውነትን ለማጣመር ነው። ሐሳባቸው ባክቴሪያው ተባዝቶ እስኪታይ ቀናት ከመጠበቅ ይልቅ ጥቂቶቹን በቀጥታ ከደሙ መለየት ነው። የላም ወተት በሚናጥበት ጊዜ ቅቤው ከአሬራው እንደሚለይ፣ ደምም በልዩ ፈሳሽ ላይ ተደርጎ በመሣሪያ በፍጥነት ሲሽከረከር ከባዶቹ የደም ሕዋሳት ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ባክቴሪያዎቹ ከላይ ይቀራሉ። የተረፉት የደም ሕዋሳት ባክቴሪያውን በማይጎዳ ፈሳሽ እንዲሟሙ ይደረጋል። በመጨረሻም ባክቴሪያዎቹ ከፀጉር በቀጠኑ ቦዮች ውስጥ ተይዘው ሲባዙ በማይክሮስኮፕ ፎቶግራፍ ይነሣሉ።

እ.ኤ.አ. በ2025 በስዊድን የስቶክሆልም የንጉሣዊ ቴክኖሎጂ ተቋምና የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚህ መንገድ ኢ. ኮላይንና ሌሎች ሁለት ባክቴሪያዎችን በሁለት ሰዓት ውስጥ ማግኘታቸውን አስታወቁ። ይሁን እንጂ ሙከራው የተደረገው ከጤነኛ ሰዎች በተወሰደና ባክቴሪያ በተጨመረበት ደም ነው። ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የተባለው ባክቴሪያም በረጋ ደም ውስጥ እየተሸሸገ አስቸግሯቸዋል። ስለዚህ አሠራሩ ለየሆስፒታሉ ከመድረሱ በፊት ገና ብዙ ፈተና ይጠብቀዋል።

ናሙና በመንገድ ላይ

ቀሪው ሁለተኛው ጥበቃ ነው። ባክቴሪያው በሕይወት እንዲለይ በሕይወት መድረስ አለበት። ሽንት በሙቀት ከተቀመጠ በውስጡ ያሉት ጥቂት ባክቴሪያዎች ተባዝተው ጤነኛውን ሰው ሕመምተኛ ያስመስሉታል፤ ስለዚህ በሁለት ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ የማይደርስ ከሆነ በማቀዝቀዣ ይቀመጣል። ለማጅራት ገትር ምርመራ ከጀርባ የሚቀዳው ፈሳሽ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። የበሽታው ባክቴሪያ ብርድ ስለማይችል ፈሳሹ ወደ ማቀዝቀዣ አይገባም። የኮሌራ ባክቴሪያ ደግሞ ድርቀት ይገድለዋል፤ ስለዚህ ናሙናው እርጥበቱን በሚጠብቅ ልዩ ማጓጓዣ ውስጥ ተደርጎ ይላካል። እ.ኤ.አ. በ2017 በድርቁ ዘመን አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት በሶማሌ ክልል በተዛመተ ጊዜ እንደታየው፣ ወረርሽኝ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ከትልልቅ ላቦራቶሪዎች ርቆ ነው። ሙቀት በሚበረታባቸው እንደ ሽንሌና አይሻ ባሉ ቆላማ ሥፍራዎች ናሙናን በአግባቡ የሚያሽግና ቀኑንና ሰዓቱን በትክክል የሚጽፍ የጤና ሠራተኛ ሥራ፣ በከተማ ካለው ውድ መሣሪያ ሥራ አያንስም።

ማጠቃለያ

ሳይንስ ሦስተኛውን ጥበቃ ከቀናት ወደ ሰዓታት ለማውረድ በመጣር ላይ ነው። ሁለተኛውን የሚያሳጥሩት መንገድ፣ መጓጓዣና የሠለጠነ የጤና ሠራተኛ ናቸው። የመጀመሪያውን ለማሳጠር ግን የእናንተም ድርሻ አለበት። በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ ከሁለት ሳምንት በላይ የሚያስል ሰው ቢኖር ሳይዘገይ እንዲመረመር ምከሩት። ትኩሳት የያዘው ሰውም ከሌላ ሰው የተረፈ መድኃኒት ውጦ ወደ ሐኪም እንዳይሄድ አስረዱት፤ መድኃኒቱ ሕመሙን ሳያድን ባክቴሪያውን በናሙናው ውስጥ እንዳይበቅል ሊያደርገውና ምርመራውን ባዶ ሊያስቀረው ይችላልና። ያን ጊዜ በሽታውን የሸሸገው ሕመምተኛው ራሱ ይሆናል።

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉትን ጥያቄዎች ከምንባቡ በመነሣት መልሱ።

1. ሦስቱ የጥበቃ ጊዜያት የትኞቹ ናቸው? በጥናቱ መሠረት በአርብቶ አደሩ ዘንድ ረጅሙ የትኛው ነው?
2. የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ውጤት ከኢ. ኮላይ ውጤት የሚዘገየው ለምንድን ነው?
3. መድኃኒትን ለመፈተን ባክቴሪያው በሕይወት መገኘት ያለበት ለምንድን ነው?

ለ. «ቆዳው ይጸዳል፤ ደሙ ይቀዳል» በሚለው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ግሦቹ ተገብሮ ናቸው፤ አድራጊው አልተጠቀሰም። በ«የሥራው ቅደም ተከተል» ሥር ካሉት ተገብሮ ግሦች አምስቱን አውጥታችሁ ወደ ገቢር ለውጡ። ሂደትን ገላጭ ድርሰት ተገብሮ ግሥን የሚያዘወትረው ለምን ይመስላችኋል?

ሐ. «በመጀመሪያ»፣ «ቀጥሎም»፣ «ከዚያ በኋላ» እና «በመጨረሻም» በሚሉት አያያዦች እየተጠቀማችሁ፣ በአካባቢያችሁ የሚከናወን አንድ ሥራ፣ ለምሳሌ ወተት መናጥን ወይም እህል ማበራየትን፣ በሁለት አንቀጽ ግለጹ። እያንዳንዱ ደረጃ ለምን እንደሚፈጸም መናገርን አትርሱ።